ሰሚው ሕፃን ነው ወይስ ዳኛ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 የአቴንስ ሕዝብ ዛሬ የወሰነውን ነገ ሻረ። በሌስቦስ ደሴት የምትገኘው የሚቲሊኒ ከተማ ከአቴንስ ጋር የነበራትን ኅብረት አፍርሳ አምፃ፣ ዓመፁም ከሽፎ እጇን ሰጥታ ነበር። የአቴንስ ጉባኤ ቁጣው ሳይበርድለት ተሰብስቦ የከተማዋ አዋቂ ወንዶች በሙሉ እንዲገደሉ፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ ለባርነት እንዲሸጡ ወሰነ። ትእዛዙን የያዘች መርከብም ወዲያው ተላከች። ሌሊቱ ግን ሰዎቹን አሳሰባቸው። የጥፋቱን ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን መላ ከተማ መፍጀት ጭካኔ ሆኖ ታያቸውና በማግስቱ ጉባኤው ዳግመኛ ተጠራ።

ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ በዚያ ዕለት ከተደረጉት ንግግሮች ሁለቱን ጽፎልናል። ቃል በቃል እንዳልጻፋቸው፣ ይልቁንም ከተናጋሪዎቹ ጠቅላላ ሐሳብ ሳይርቅ ለጊዜው የሚስማማውን ቃል እንዳኖረላቸው ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ይናገራል፤ እኔ በዚህ ምክንያት ንግግሮቹን አቅልዬ አላያቸውም። የመጀመሪያው ተናጋሪ ክሌዮን ነው። ቱኪዲደስ ከዜጎች ሁሉ ጨካኙ፣ በዚያን ጊዜም በሕዝቡ ዘንድ ቃሉ ከማንም ይልቅ የሚሰማ ሰው ይለዋል። ክሌዮን ቆሞ የወቀሰው ሚቲሊኒዎችን ብቻ አይደለም፤ ሰሚዎቹንም ነው። እናንተ ንግግርን እንደ ትርኢት ትመለከታላችሁ፣ የተሠራውን ሥራ ግን እንደ ወሬ በጆሮ ብቻ ትቀበላላችሁ አላቸው። ከተማ ለመምከር የተሰበሰበ ሕዝብ ሳይሆን የዲስኩር አዋቂዎችን ለማየት የተቀመጠ ተመልካች ትመስላላችሁ አለ። በአቴንስ ዘንድ አንደበቱ እጅግ የሚሰማለት ሰው አንደበትን ሲረግም ማንበብ ያስደነግጣል።

መልስ የሰጠው ዲዮዶቱስ ነው። ስለዚህ ሰው ከዚያ ንግግር ውጭ የሚታወቅ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ምሕረት አልለመነም። በድለዋል ወይስ አልበደሉም የሚለውን ወደ ጎን ትቶ፣ መግደላቸው ለአቴንስ ይጠቅማታል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እጁን የሰጠም ያልሰጠም እኩል የሚታረድ ከሆነ ወደፊት የሚያምፅ ከተማ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይዋጋል አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝን ነገር ተናግሯል፦ በዚህች ከተማ ደግ ምክር በግልጽ ሲነገር እንደ ክፉ ምክር ስለሚጠረጠር፣ መልካሙን የሚመክር ሰው እንኳ እንዲታመን መዋሸት ግድ ሆኖበታል። ይህን የተናገረው ሰው ቀጥሎ ስለ ጥቅም ብቻ መናገሩን ሳስብ፣ ርኅራኄውን ከጥቅም ልብስ ሥር ሸሽጎት ይሆን እላለሁ።

እጅ ሲወጣ ውጤቱ ለጥቂት ዲዮዶቱስን ደገፈ። ሁለተኛ መርከብ የመጀመሪያዋን ለመድረስ ተላከች፤ ቀዛፊዎቹ በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት እየበሉ፣ እንቅልፍም በተራ እየተኙ ያለማቋረጥ ቀዘፉ። አዛዡ የሞቱን ትእዛዝ አንብቦ ሊፈጽም ሲሰናዳ ደረሱ። ከተማዋ ተረፈች። የዓመፁ ዋና መሪዎች የተባሉት ግን አልተረፉም፤ በእጃችን ባለው የቱኪዲደስ ጽሑፍ መሠረት የተገደሉት ከ1000 ይበልጣሉ፤ ያንን ሐሳብ ያቀረበውም ክሌዮን ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በዚያው ዓመት ሲሲሊ ውስጥ ካለችው ከሌዮንቲኒ አንድ መልእክተኛ ወደ አቴንስ ስለመጣ ነው። ጎርጊያስ ይባላል። ከተማው ከሲራኩስ ጋር ተዋግታ ስለነበር እርዳታ ሊለምን ነው የመጣው፤ የአቴንስ ሰዎች እንደዚያ ያለ አነጋገር ከዚያ በፊት ሰምተው ስለማያውቁ ተደነቁ፣ መርከቦችም ላኩ። ፕላቶ የተወለደውም በዚያው ዓመት ገደማ ነው። በግሪክ ፍልስፍና ስለ ንግግር ጥበብ የተካሄደው ትልቅ ክርክር እንግዲህ በመጻሕፍት መካከል ብቻ የተደረገ አይደለም፤ በአንድ ንግግር ከተማ በምትጠፋበትና በሌላ ንግግር በምትድንበት አደባባይ የተወለደ ነው።

እኔ በጥብቅና የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ይህ ክርክር ለእኔ የእንጀራዬም የኅሊናዬም ጉዳይ ነው። ለዓመታት ደጋግሜ ሳነብበው አንድ ነገር እየጎላብኝ ሄደ። ፈላስፎቹ የሚከራከሩት ስለ ተናጋሪው ይመስላል፤ ሐቀኛ ነው ወይስ አታላይ፣ አዋቂ ነው ወይስ አስመሳይ ይላሉ። ከሥሩ ሲታይ ግን ሙግቱ ስለ ሰሚው ነው። የሚሰማው ሰው ማን ነው ብለህ ታምናለህ? የንግግር ጥበብ ክብሩም ውርደቱም ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ጎርጊያስ «የሄለን ውዳሴ» በተባለው አጭር ጽሑፉ የሰጠው መልስ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኛል። ባሏን ጥላ ወደ ትሮይ በመሄዷ ስሟ የጠፋውን ሄለንን ነጻ ሊያወጣ ተነሣና ለመሄዷ አራት ምክንያት ሰጠ፦ የአማልክት ፈቃድ፣ ጉልበት፣ ቃል ወይም ፍቅር። ቃልን በተመለከተ ሲናገር ቃል በጥቂቱና በማይታየው አካሉ እጅግ ታላላቅ ሥራዎችን የሚሠራ ኃያል ገዥ ነው ይላል። መድኃኒት በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ቃል በነፍስ ላይ ያደርጋል፤ አንዱ በሽታን ያስወግዳል፣ ሌላው ሕይወትን። ስለዚህ በቃል የተወሰደች ሴት በጉልበት ከተወሰደች ሴት አትለይም፤ ጥፋት የለባትም። ሲያነቡት ያምራል። ነገር ግን ሄለን ከወቀሳ የዳነችው ምን ከፍላ ነው? ራሷ የሰማችውን የመመዘን አቅም ስለሌላት እኮ ነው ነጻ የወጣችው። ጎርጊያስ ጽሑፉን ሲዘጋ ለእኔ ጨዋታ ነው ይላል፤ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ሰሚው ሰው መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት የሚፈስበት ዕቃ ሆኗል።

ፕላቶ በጎርጊያስ ስም የሰየመውን ምልልስ ሲጽፍ ይህን ሥዕል የተቃወመ ይመስላል፤ በእኔ ንባብ ግን ሥዕሉን እንዳለ ተቀብሎ ፍርዱን ብቻ ነው የገለበጠው። በምልልሱ ውስጥ ጎርጊያስ ሐኪም ከሆነው ወንድሙ ጋር እየሄደ፣ ሐኪሙ መድኃኒት እንዲጠጡ ወይም እንዲቀደዱ ማግባባት ያቃተውን ሕሙማን በንግግሩ ብቻ እሺ እንዳሰኘ ይኩራራል። ሐኪምና ተናጋሪ በአንድ ጉባኤ ፊት ለሐኪምነት ቢወዳደሩ የሚመረጠው ተናጋሪው ነው ይላል። ሶቅራጥስ ይህ የሚሆነው በማያውቁ ሰዎች ፊት ነው ብሎ ይይዘዋል። ከዚያም ታዋቂው ፍርድ ይመጣል፦ የንግግር ሙያ ጥበብ አይደለም፤ ምክንያቱን የማያውቅ ልማድ ነው፣ የሽንገላ ዘር ነው። ምግብ አብሳይ የሐኪምን ልብስ ለብሶ ለሰውነት የሚበጀውን አውቃለሁ እንደሚል፣ ተናጋሪም የፍትሕን ልብስ ለብሶ ይቆማል። አብሳይና ሐኪም በሕፃናት ፊት፣ ወይም እንደ ሕፃናት አላዋቂ በሆኑ ሰዎች ፊት ቢወዳደሩ ሐኪሙ በረሀብ ይሞታል።

በሕፃናት ፊት። ይህች ቃል በምልልሱ መጨረሻ አካባቢ ተመልሳ ትመጣለች፤ ሶቅራጥስ እኔ ብከሰስ የሚፈረድብኝ አብሳይ ከስሶት ሕፃናት እንደሚፈርዱበት ሐኪም ነው ይላል። ፕላቶ ይህን ሲጽፍ መምህሩ ከሞተ ቆይቷል። በ399 ቅድመ ልደት ክርስቶስ በነበረው ችሎት ፕላቶ ራሱ ተገኝቶ ነበር፤ ያን የመሰለ ሰው በድምፅ ብልጫ ለሞት ሲሰጥ ያየ ወጣት ሰሚውን ሁሉ ሕፃን ብሎ ቢጠራ አልፈርድበትም።

ሆኖም ፕላቶ ራሱ በጻፈው «የሶቅራጥስ መከላከያ» ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ የሚገባውን ያህል ሲነገርለት አልሰማሁም። የጥፋተኝነቱ ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ሶቅራጥስ 30 ድምፅ ብቻ ወደዚህ ቢያዘነብል ኖሮ ነጻ እወጣ ነበር ብሎ ይገረማል። ቀጥሎም እንደ ሌሎች አገሮች የሞት ክስ በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ቀን የሚታይበት ሕግ ቢኖራችሁ ኖሮ ታምኑኝ ነበር፤ አሁን ግን ታላቅ ስም ማጥፋትን በአጭር ጊዜ ማስወገድ ቀላል አይደለም ይላል። ሶቅራጥስ እዚህ ላይ ዳኞቹን ሕፃናት አላላቸውም። የጎደለው ጊዜ ነው አለ። የአቴንስ ፍርድ ቤት የንግግርን ርዝመት በውኃ ሰዓት ይለካ ነበር፤ ማሰሮው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ቃልም ያልቃል፣ ፍርዱም በዚያው ቀን ይሰጣል። የእኛ ሰው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል። ሚቲሊኒ የዳነችው ጉዳዩ አንድ ሌሊት ስላደረ ነው፤ ሶቅራጥስ ያን ሌሊት አላገኘም።

በዚያው «ጎርጊያስ» ውስጥ ካሊክለስ የተባለው ወጣት የሚሆነውን እዩ። ብልህ ነው፣ ደፋር ነው፣ ኃይል ያለው ብዙ ሊኖረው ይገባል ብሎ ፊት ለፊት ይሟገታል። ሶቅራጥስ በጥያቄ ያጣብቀዋል። አንድ ቦታ ላይ ካሊክለስ መመለስ ይሰለቸውና ሶቅራጥስ ጥያቄውንም መልሱንም ብቻውን ለመናገር ይገደዳል። በኋላም ካሊክለስ እንዲህ የሚል ነገር ይናገራል፦ ሶቅራጥስ ሆይ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ደኅና የምትናገር ይመስለኛል፤ ነገር ግን ብዙዎች የሚሰማቸው እኔንም ይሰማኛል፣ ፈጽሞ አላመንኩህም። ፕላቶ ይህን ዐረፍተ ነገር መጻፉ ታላቅነቱን ያሳየኛል። ማሳመንን የናቀው ፍልስፍና ማሳመን ሲያቅተው ሳይደብቅ አሳይቶናል።

ምናልባት ሌላው የፕላቶ ምልልስ «ፋይድሮስ» የተጻፈው ለዚህ ነው። እዚያ ሶቅራጥስ ከከተማው ቅጥር ወጥቶ በኢሊሶስ ወንዝ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ንግግርም ነፍስን በቃል የመምራት ጥበብ ሊሆን ይችላል ይላል፣ ተናጋሪው እውነትን ካወቀና የነፍስን ዓይነቶች ለይቶ ለእያንዳንዷ የሚስማማትን ቃል መስጠት ከቻለ። ውብ ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ፕላቶ እዚህ ሐሳቡን ለውጧል ይላሉ። እኔ ለውጡ ግማሽ ብቻ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ይህ ጥበብ የሚሠራው ነፍሱን በምታውቃት በአንድ ሰው ፊት ነው፣ 500 እንግዳ ሰዎች በተቀመጡበት ችሎት ግን ማን የእያንዳንዱን ነፍስ ያውቃል?

በ«ፋይድሮስ» ውስጥ ንግግሩ እየተነቀሰ የሚተቸው ሊስያስ ነው። ለገንዘብ የሰዎችን የችሎት ንግግር ይጽፍ የነበረ፣ አባቱ ከሲራኩስ የመጣ፣ የአቴንስ ዜግነት ያልነበረው ሰው። በአቴንስ ተከራካሪ ራሱ መናገር ስለነበረበት እንዲህ ያሉ ጸሐፊዎች ደንበኛው አጥንቶ የሚናገረውን ያዘጋጁለት ነበር። ከጻፋቸው መካከል አንዱን ከማንም የፍልስፍና ምልልስ ይልቅ እወደዋለሁ። ከከተማው በቀን አንድ ኦቦል የምትባል ትንሽ ሳንቲም የሚቀበል አካል ጉዳተኛ፣ እውነተኛ ጉዳተኛ አይደለም፣ ፈረስም ሲጋልብ ታይቷል ተብሎ ድጎማው እንዲቋረጥ ተከሷል። ሰውየው 500 አባላት ባሉት ምክር ቤት ፊት ቆሞ እንዲህ ብሎ ይመልሳል፦ የምጋልበው ሩቅ መንገድ መሄድ ስለማልችል ነው፤ ሀብታም ብሆንማ የተመቻቸ ኮርቻ ያላት የራሴ በቅሎ ትኖረኝ ነበር እንጂ የሰው ፈረስ አልዋስም ነበር። ከሳሼ ሌላው ሰው በአንድ ከዘራ ሲሄድ እኔ በሁለት መሄዴን የብርታቴ ምልክት ሊያደርገው ይሆን?

ይህን ሳነብ በሥራዬ የማገኛቸው ሰዎች ይታዩኛል። እውነቱ በእጃቸው ነው፤ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ግን የተበደሉትን ትተው ያልተጠየቁትን ይናገራሉ፣ ከመሐል ይጀምራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ዝም ይላሉ። ባለጋራቸው ደግሞ ረጋ ብሎ ቀኑንና ሰነዱን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ለእነዚህ ሰዎች የንግግር ጥበብ ሽንገላ ነው ብሎ መስበክ ለእኔ ጭካኔ ነው። ፕላቶ ባለጸጋና የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ አንደበት ከልጅነቱ ተሰጥቶታል። አንድ ኦቦል ሊቋረጥበት የደረሰው ሰው ከሊስያስ ያገኘው ሽንገላ አይደለም። በዳኞቹ ፊት ቀጥ ብሎ መቆምን ነው።

በፕላቶ አካዳሚ 20 ዓመት ያህል የኖረው አርስቶትል ይህን የተረዳ ይመስለኛል። «የንግግር ጥበብ» የተባለው መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው፤ በመክፈቻው ላይ ሰው በአካሉ ራሱን መከላከል ቢያቅተው እንደ ውርደት ተቆጥሮ፣ ከአካል ይልቅ የሰው ልዩ ሀብት በሆነው በቃል መከላከል ቢያቅተው ውርደት አለመባሉ ከንቱ ነው ይላል። ጥበቡ ለክፉም ይውላል ለሚሉት፣ ከምግባር በቀር መልካም ነገር ሁሉ እንዲያ ነው፤ ጉልበትም፣ ጤናም፣ ሀብትም፣ የጦር አመራርም ብሎ ይመልሳል። ከእርሱ በፊት የጻፉትን የሚወቅሳቸው ደግሞ ዳኛውን በቁጣ፣ በቅናትና በርኅራኄ ማጣመምን ብቻ ስላስተማሩ ነው፤ የሚለካበትን መስመር አስቀድሞ የሚያጎብጥ ሰው ምን ሊለካበት ነው ይላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አርስቶትል ስለ ሰሚው የተናገረው ነገር ልቤን ይነካዋል። ሰዎች ለእውነት የሚበቃ የተፈጥሮ ዝንባሌ አላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ያገኟታል። እውነትና ፍትሕ በተፈጥሯቸው ከተቃራኒዎቻቸው የበረቱ ናቸው፤ ፍርድ ሲጣመም የተሸነፉት ተናጋሪዎቹ በራሳቸው ድክመት ነው። የማስረጃ ዘዴው ራሱ በዚህ እምነት ላይ የታነጸ ነው። በሕዝብ ፊት የሚቀርብ ክርክር ሁሉንም መነሻ መዘርዘር አይገባውም፤ ዶሪየስ ዘውድ በሚሸለምበት ውድድር አሸነፈ ለማለት በኦሎምፒክ አሸነፈ ማለት ይበቃል፣ የኦሎምፒክ ሽልማት ዘውድ መሆኑን ሰሚው ራሱ ይጨምርበታል። ሰሚው ራሱ ይጨምርበታል! እዚህ ላይ ማሳመን ከተናጋሪው ወደ ሰሚው የሚፈስ ነገር መሆኑ ይቀርና ሁለቱ አብረው የሚጨርሱት ሥራ ይሆናል። በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይም የንግግር ጥበብ ያለው ለፍርድ ሲባል ነው ይላል፤ ሰሚው ዳኛ ነው ማለት ነው።

አርስቶትል ሁልጊዜ እንዲህ አይናገርም። በሦስተኛው ክፍል የድምፅ አወጣጥና አቀራረብ ይህን ያህል ኃይል ያገኘው በሰሚው ብልሹነት ነው ብሎ ያማርራል። ስሜትን በመቀስቀስ ላይ ብቻ የተመሠረተውን ትምህርት ከወቀሰ በኋላ ራሱ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ኀፍረት ረጅም ትንታኔ ይጽፋል፤ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይህን ለማስታረቅ ይደክማሉ። ለእኔ ማስታረቁ ከባድ አይደለም፤ በተገቢው ምክንያት የሚቆጣ ዳኛ አልተጣመመም።

ይልቅ ከባዱ ነገር ሲሲሊ ነው። በ415 አቴንስ ወደ ሲሲሊ ታላቅ ጦር ለመላክ ስትወስን ጉዳዩ አድሯል፤ ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ ሌላ ጉባኤ ተደርጓል። የጦር አዛዡ ኒቂያስ አደጋውን በግልጽ ተናገረ። አልሰሙትም። ከዚያ ሊያስፈራቸው ብሎ የሚያስፈልገውን የጦር ብዛት አግዝፎ ቢነግራቸው፣ እንዲያ ከሆነማ ድሉ አስተማማኝ ነው ብለው ይበልጥ ጓጉ። ቱኪዲደስ ሐሳቡን የማይወዱ ሰዎች ቢኖሩም እንኳ በተቃውሞ እጅ ካወጡ አገር ጠል እንዳይባሉ ፈርተው ዝም አሉ ይላል። ጦሩ አለቀ። እውነት በተፈጥሮዋ ትበረታለች የሚለውን አርስቶትልን ስወድድ ይህን ታሪክ እያወቅሁ ነው። ሰሚ ዳኛ እንዲሆን ጊዜ ብቻ አይበቃውም፤ እጁን ያለ ፍርሃት ማውጣት መቻል አለበት።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ይህን ክርክር እንዴት እንዳነበቡት ስከታተል፣ እያንዳንዱ ዘመን ስለ ሕዝቡ ያለውን አስተያየት ይዞ ወደ ግሪኮቹ እንደሚሄድ ይታየኛል። የሮማው ተናጋሪ ሲሰሮ በ55 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ባወጣው ስለ ተናጋሪ በሚናገር ድርሰቱ፣ ሶቅራጥስ ምላስን ከልብ ለየ፣ አንዱ ማሰብን ሌላው መናገርን እንዲያስተምረን አደረገ ብሎ ይከሳል። ሪፐብሊኩ በቆመበት ዘመን ያደገ ሰው ክስ ነው፤ ሪፐብሊኩ ሲወድቅ ሲሰሮም በ43 ተገደለ፣ ራሱና እጆቹም ይናገርበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀሉ። አውግስጢኖስ ደግሞ የንግግር መምህርነቱን ትቶ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ ሐሰት በዚህ መሣሪያ ታጥቃ ስትመጣ እውነትን የሚከላከሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይቁሙ የሚል ማን ደፋር ነው ብሎ ጠየቀ።

በዐረብኛ ይጽፉ የነበሩት ፈላስፎች ንባብ ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል። አል ፋራቢ፣ ኢብን ሲና እና ኢብን ሩሽድ የአርስቶትልን የንግግር መጽሐፍ ከሥነ አመክንዮ መጻሕፍቱ ጋር ደመሩት። ንግግር ጌጥ አይደለም፤ የማወቂያ መንገድ ነው፣ ሕዝቡ ወደ እውነት የሚደርስበት። ኢብን ሩሽድ በሴቪያና በኮርዶባ ቃዲ ነበር፤ በዳኝነት ወንበር ተቀምጦ ሰዎች በተፈጥሮ ሦስት ዓይነት ናቸው፣ አንዳንዱ በማያዳግም ማረጋገጫ፣ አንዳንዱ በሙግት፣ ብዙው ግን በንግግር ያምናል፤ ሃይማኖትም ሦስቱንም ትጠራለች አለ። ሕዝቡ በዚህ ንባብ ሕፃን አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ ዳኛም አልሆነም፤ የጠለቀው ትርጓሜ ለጥቂቶች ብቻ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ኢብን ሩሽድን እያከበርኩ እለየዋለሁ። አርስቶትል ዳኛ ያለው የፍልስፍና ተማሪውን አይደለም፣ የመንገዱን ሰው ነው።

ወደ እኛም የግሪክ ፈላስፎች ስም የመጣው በዚሁ በዐረብኛ በኩል ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ግእዝ የተተረጎመው አንጋረ ፈላስፋ ሶቅራጥስን፣ አፍላጦን ያለውን ፕላቶንና አርስጣጣሊስ ያለውን አርስቶትልን እንደ ጠቢባን አባቶች ያናግራቸዋል። የደረሰን ምክራቸው ነው፤ ክርክራቸው አልደረሰንም። በአንድ ገጽ ላይ ተስማምተው የተቀመጡት እነዚህ ሰዎች ስለ ንግግር ምን ያህል እንደተጣሉ ከዚያ መጽሐፍ አይታወቅም፤ ያ ጠብ በአማርኛ በሰፊው እንዲነበብ እመኛለሁ፣ ይህንንም የምጽፈው ስለዚያ ነው።

በአውሮፓ ዘመናዊው ፍልስፍና ወደ ፕላቶ ፍርድ ተመለሰ። ቶማስ ሆብስ ቱኪዲደስን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1629 ሲያሳትም፣ ከእርሱ የተማረው የሕዝብ አገዛዝ ከንቱነትን እንደሆነ በኋላ ጽፏል፤ የአርስቶትልንም የንግግር መጽሐፍ ያሳጠረው እርሱ ነው፣ አውቆ የጠላው ሰው ነው። ጆን ሎክ የንግግርን ጌጥ የስሕተትና የማታለል ኃይለኛ መሣሪያ አለው። ካንት በ1790 ሰዎችን እንደ ማሽን ወደ ፍርድ የሚያንቀሳቅስ፣ ረጋ ብለው ሲያስቡት ግን ያ ፍርድ ክብደቱን ሁሉ የሚያጣበት ጥበብ ነውና ምንም ክብር አይገባውም ብሎ ፈረደ። የካንት ቃል ይከብደኛል፤ ንቀቱ ለሰው ካለው ክብር የመጣ ነውና። ሆኖም ማሽን የሆነውን ሰው ያመጣው ጎርጊያስ እንጂ አርስቶትል አልነበረም።

ዛሬም ጎርጊያስ አልሞተም። በሽያጭና በአመራር ሥልጠና አዳራሾች አርስቶትል ሦስት ነገር ብቻ አስተምሮ የሞተ ይመስላል፦ የተናጋሪው ሰብእና፣ የሰሚው ስሜት፣ የንግግሩ አመክንዮ። ሦስቱን አጥና፣ ደንበኛው እሺ ይልሃል ይባላል። ይህን ስሰማ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም አርስቶትል የዚህ ጥበብ ሥራ ማሳመን አይደለም፣ በእያንዳንዱ ጉዳይ ያሉትን የማሳመኛ መንገዶች ማየት ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል። ሐኪምም ሊድን የማይችለውን ሕመምተኛ በደንብ ሊያክም ይችላል። ያለ ፍርድ እሺ የሚል ሰሚ ለእርሱ የጥበቡ ድል አልነበረም።

ዋርሶ ተወልዶ በብራስልስ የኖረው ሻይም ፔሬልማን ሕግም ፍልስፍናም የተማረ ሰው ነበር። በ1945 ስለ ፍትሕ ባሳተመው ጥናት በመደበኛው አመክንዮ ብቻ ሲሄድ፣ የትኛው ሕግ ፍትሐዊ ነው የሚለው ጥያቄ ያለ ምክንያት የሚመረጥ ነገር ሆኖ ቀረበት። ናዚዎች አገሩን ሲይዙ በድብቅ የተቃወመ ሰው በዚህ ሊረካ አይችልም ነበር። ሰዎች ፍትሕን ስለመሳሰሉ እሴቶች እንዴት በምክንያት እንደሚከራከሩ ሲፈልግ ያገኘው የተረሳውን የአርስቶትልን መጽሐፍ ነው፤ ከሉሲ ኦልብሬክትስ ቲቴካ ጋር የጻፉት ትልቁ የክርክር ጥናት በ1958 ታተመ። እዚያ ውስጥ ክርክርን የመረጠ ሰው በጉልበት ብቻ መሥራትን ትቷል፣ ሰሚውንም እንደ ዕቃ ሳይሆን በነጻ እንደሚፈርድ ሰው ቆጥሮታል ይላሉ።

ከእነርሱ ጋር የማልስማማው አንድ ቦታ ላይ ነው። ፈላስፋ የሚናገረው ለመላው አስተዋይ የሰው ልጅ፣ ለአንድ ዓለም አቀፋዊ ሰሚ ነው ይላሉ። ያን ሰሚ እኔ አላውቀውም፣ አርስቶትልም የሚያውቀው አይመስለኝም። እርሱ የሚያውቀው ከጠዋት ጀምሮ በችሎት የተቀመጠውን፣ የደከመውን፣ ስለ ጉዳዩ ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቀውን፣ ግማሹን ራሱ ሊጨምርበት የሚችለውን ሰው ነው። ለእርሱ ነው የሚጻፈው፤ እኔም ነገ ጠዋት ለምናገረው ጉዳይ ማስታወሻዬን የማዘጋጀው ለእርሱ ነው።